ስልሳው ቃል

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው ለማለት። የአራሚው ጆሮ ግን እንደዚያ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት፣ እርማት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሰው ሲያነብለት የኖረ ጆሮ ነው። ስለዚህ ያን ሐሙስ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ጺሙን ሲላጭ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ቧንቧው እየፈሰሰ፣ ታላቁ ልጁ ከወጥ ቤት በሹክሹክታ የሚናገረውን አንዲት ቃል ሳታመልጠው ሰማ።

«ሁለት ዓመት እኮ ነው!» ይላል ልጁ። «አባዬን መጫወቻ አደረግሽው። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ቃል ታሳዪዋለሽ፣ ይሳሳታል፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። ምን ተሻለው? ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ለውጥ ከሌለ ሻንጣውን ይዤ ወደ እኔ ቤት እወስደዋለሁ፤ የቃሉም ነገር እዚያ ላይ ያበቃል።»

ትንሿ ልጁ ምን እንደመለሰች አልተሰማም። የተሰማው የሳህን መንኳኳት ብቻ ነው። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ እነዚህ ሁለት ልጆች እንዲህ ናቸው፤ ወንዱ ይናገራል፣ ሴቷ ዕቃ ታጥባለች። አራሚው ምላጩን እንደያዘ መስታወቱ ውስጥ ግማሽ ፊቱ አረፋ ለብሶ ቀረ። ስለ እሱ የተባለው አልነበረም ያመመው። መጫወቻ ቢሉት ግድ የለውም፣ ከስልሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ የሚጫወትበት ማግኘትም ዕድል ነው። ልጅቱ ላይ የተፈረደው ፍርድ ግን አንጀቱን በላው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሳሎኑን ለአባቷ ለቅቃ፣ እሷ መኝታ ቤት ውስጥ አልጋዋን ወንበር፣ ጉልበቷን ጠረጴዛ አድርጋ የምታጠና ልጅ ናት። ኪራዩ በዓመት ሁለቴ ሲጨምርባት እንኳ ለወንድሟ ትንፍሽ አላለችም። ሆድ ይፍጀው ባይ ናት፣ በዚህስ ማንን መሰለች?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት አራሚው አንጎሉ ውስጥ አንዲት የደም ሥር ተዘግታ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። እጁ ተመለሰ፣ እግሩም ትንሽ እያነከሰ ተመለሰ፣ አንደበቱም ከቀድሞው ዘገም ብሎ ተመለሰ። ያልተመለሰው ንባቡ ነው። ፊደሎቹ አልጠፉበትም፤ አጥርተው ይታዩታል። ከዓይኑ ወደ አፉ ሲሄዱ ግን መንገድ ላይ ይለወጣሉ። «ብርድ ልብስ» የሚል ጽሑፍ ያሳዩታል፣ «አልጋ» ይላል። «ፖስታ» የሚለውን አይቶ «ቴምብር» ይላል። ሰፈሩን ያገኘዋል፣ ቤቱን ይስተዋል። የማይታይና የማይጨበጥ ቃል ሲመጣ ደግሞ፣ «ምናልባት»፣ «ይሁን እንጂ» የመሳሰለ፣ ግድግዳ ፊት እንደቆመ ሰው ዝም ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላውን ሰው ስህተት ሲለቅም ለኖረ ሰው ይህ ምን ዓይነት ቀልድ እንደሆነ የቀለደው ያውቃል።

ልጅቱ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው በዚሁ በሽታ ላይ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ቃል ማንበብ የምትችል ፕሮግራም ሠርታለች፤ አራሚው «ማሽኗ» ይላታል። ማሽኗ መጀመሪያ ምንም አታውቅም ነበር። ሦስት ሺህ ቃል አንድ በአንድ እየታያት፣ ስትሳሳት እየታረመች፣ ብዙ ሺህ ጊዜ ተደጋግሞላት ማንበብ ቻለች። ይህን ያህል ከለፋችባት በኋላ ልጅቱ የማሽኗን የውስጥ ክሮች ሲሶውን ያህል ቆረጠችባት። ከዚያ ማሽኗም «ብርድ ልብስ» ሲሏት «አልጋ» ማለት ጀመረች። ልጅቱ ይህን የነገረችው ቀን ፊቷ በርቶ ነበር። አራሚው ግን በራሱ መንገድ ተረዳው። ጤነኛ ነገር ፈትቶ የሚያበላሽ ሰው ለመጠገን ካልሆነ ለምን ያበላሻል? ብልሽቱ የት እንደሆነ ከታወቀ ጥገናው ይከተላል፣ የሐሙሱ ቃልም መድኃኒቱ ነው፣ እሱ ሲድን ልጅቱ ትመረቃለች። እሱ ካልዳነ ደግሞ ልጅቱ ምን ብላ ትመረቃለች? በዚህ ሒሳብ ማንንም አላማከረም። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ዙር መሆኑን ሰኞ ዕለት ነግራዋለች።

ሁለቱም ከወጡ በኋላ ወደ ልጅቱ ክፍል ገባ። የሴት ልጅ ክፍል ዘው ብሎ መግባት ነውር መሆኑን እያወቀ ገባ። አልጋው ላይ ከተቆለሉት ወረቀቶች መካከል የሚፈልገውን ለመለየት ማንበብ አላስፈለገውም። ሐሙስ ሐሙስ የሚቀርቡለት ያው ስልሳ ቃላት በየመስመሩ አንድ አንድ ሆነው የተጻፉበት፣ በስተቀኙ በእስክሪብቶ የተሠራ የኤክስ ምልክት ከላይ እስከ ታች የወረደበት ወረቀት ነው። እነዚያን ኤክሶች ቆሞ አያቸው። ምልክት ማንበብ አልጠፋበትም። አራት ቦታ አጥፎ ኮት ኪሱ ከተተው።

ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የሚወስደውን አውቶቡስ የሚያውቀው በቀለሙ ነው፣ የሚወርድበትንም ፌርማታ በቁጥር። ሰባተኛው ላይ ይወርዳል። መንገድ ላይ የሱቅ ጽሑፎችን ማየቱን አይተውም፣ የለመደ ዓይን አርፎ አይቀመጥም። መድኃኒት ቤቱን «ትኩሳት» ብሎ አለፈው። አንዱን ሱቅ «ጫማ» አለው፤ ቀረብ ብሎ መስኮቱን ሲያይ የሚሸጠው ካልሲ ነው። «ተመስገን፣ እግር አልሳትኩም» አለ ለራሱ። አጠገቡ የቆመችው ሴት ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረች።

ማተሚያ ቤቱ ግቢ ውስጥ የቀለምና የእርጥብ ወረቀት ሽታ እንደ ድሮው ነው። እርማት ክፍል ግን የሱ ወንበር ላይ አሁን የታሸጉ ካርቶኖች ተቀምጠዋል። ሥራው በኮምፒውተር ሆኗል። ከድሮዎቹ የቀረችው አንባቢዋ ብቻ ናት፤ ጡረታ ለመውጣት ዘጠኝ ወር የቀራት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት። በድሮ ጊዜ እርማት በጥንድ ነበር የሚሠራው። እሷ ደራሲው የጻፈውን ዋናውን ረቂቅ ይዛ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሱ ለኅትመት በፊደል የተለቀመውን ወረቀት ይዞ በዓይኑ ይከተላል። ነጥቡ ሳይቀር ይነበባል። «አራት ነጥብ። አዲስ መስመር። ትእምርተ ጥቅስ ክፈት» ትላለች። ጆሮው የሰማው ዓይኑ ካየው ጋር ካልተስማማ እሱ እጁን ያነሳል፣ እሷ ትቆማለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርተዋል፤ ባለቤቱ በሕይወት ሳለች «ከኔ ይልቅ የሷን ድምፅ ነው የምትሰማው» እያለች ትቀልድበት ነበር፣ ቀልዱም ሁልጊዜ ቀልድ ብቻ አልነበረም።

«ሰውዬው! በሕይወት አለህ?» አለችው።

«ካልተረሳሁ አለሁ።»

ሻይ አመጣችለት። ስለ ጉልበቷ አወራች፣ ሻይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቴ ዋጋው መጨመሩን አወራች፣ አዲሱ አለቃ ጮክ ብላ እንዳታነብ በደብዳቤ እንዳስጠነቀቃትም አወራች። አራሚው በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ የመጣበትን ጉዳይም ነገራት። ወንድምየው የተናገረውን፣ የልጅቱን ዲግሪ፣ የአሥራ አንድ ሰዓቱን ቀጠሮ። ስልሳውን ቃል በቃሉ ይዞ ሊገባ ነው።

አንባቢዋ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው። «ይኼ ማጭበርበር አይደለም እንዴ?»

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል።»

«አንተን ብሎ አጭበርባሪ! ነጠላ ሰረዝ ጎደለ ብለህ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ያስቆምክ ሰው!» አለች። ግን እየሣቀች አልነበረም። አለቃው እንዳይሰማቸው ወረቀቱን አንስታ አራሚውን ወደ ወረቀት መጋዘኑ ይዛው ሄደች። የተጠቀለለ ወረቀት ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። «ደግነቱ በሀ ሁ ተራ ነው የተደረደረው። በለመድከው ላንብብልህ?»

«በለመድነው አንብቢልኝ።»

«ልብስ። አዲስ መስመር። ሎሚ። አዲስ መስመር። ሐኪም። አዲስ መስመር። መርፌ። አዲስ መስመር። መጋረጃ። አዲስ መስመር። ምናልባት።» ድምፅዋ ትንሽ ሻክሯል እንጂ ያው ነው፤ ሳይቸኩል፣ ሳይጎተት፣ እያንዳንዱን ቃል በእኩል ክብር የሚያስቀምጥ። አራሚው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቶት አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዓይኑ በኩል የተዘጋው ቤት በጆሮው በኩል ወለል ብሎ ተከፈተለት። «ምናልባት» እንኳ፣ ያቺ ሁልጊዜ የምታስቆመው ቃል፣ በሷ ድምፅ ስትመጣ ያለ ምንም ችግር ገባች። ሦስት ጊዜ አነበበችለት። በአራተኛው እሱ እየቀደማት አብሯት አለ። በስድስተኛው ብቻውን ከ«ልብስ» ተነሥቶ «ፖስታ» ድረስ ሳይደናቀፍ ወጣው። እንደ ውሃ ጠጥቶታል። በምሳ ሰዓት ከሠራተኞቹ ጋር ዳቦ በሻይ በላ፣ ከምሳ በኋላም ሁለት ጊዜ ደገመው። ሲሰነባበቱ አንባቢዋ «እንዴት እንደሆነ ደውልልኝ» አለችው። በሩ ላይ ሲደርስ መልሳ ጠርታ፣ «ደግሞ ሌላም ቀን ና፤ እንዳነብልህ ብቻም ቢሆን» አለችው። እመጣለሁ አላት። የምሩን ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወረቀቱን ወደ ቦታው መልሶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። ልጅቱ መጣች፣ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። ወንድምየው መጣ። ጎማ ነጋዴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሸጥ የዋለው ጎማ እጁ ላይ ጥቁር አሻራ ትቶበታል። ከአባቱ ጀርባ፣ ኮምፒውተሩ በሚታይበት በኩል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ልጅቱ ደብተሯን ገለጠች፣ ወንድሟን ሳታይ፣ «አባዬ፣ እንደ ሁልጊዜው ነው። የመጣልህን በል» አለችው።

«ጀምሪ» አላት፤ ጀርባውን አቀና።

ቃሉ ወጣ። ነጭ ላይ ጥቁር፣ ትልቅ ሆኖ። «ልብስ» አለ አራሚው፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አላንቀሳቀሰችም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው «ዝናብ» የሚል ቃል ነው። ቃሎቹ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ተራቸው ይበወዛል፤ ማሽኗም አባትየውም በዘፈቀደ ነው የሚጠየቁት። በሀ ሁ ተራ የተደረደሩት ለመመዝገብ እንዲመች ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው። አራሚው ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ቃሎቹን ማንበብ የማይችል ሰው ተራቸው መለዋወጡን በምን ያውቃል?

ሁለተኛው ወጣ። «ሎሚ።» የተጻፈው «ቁልፍ» ነው። ከኋላ የወንድምየው ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ልጅቱ አባቷን አየችው። በሁለት ዓመት ውስጥ ዝናብን ልብስ ብሎ አያውቅም። የሱን ስህተቶች እንደ መንገዷ ታውቃቸዋለች፣ ይህ ከነሱ ወገን አይደለም። ሦስተኛው ወጣ፤ «ዳቦ»። አራሚው «ሐኪም» አለ፣ ግን ድምፁ መጨረሻው ላይ ወረደ። የሆነ ነገር አልስማማ አለው። ጆሮው ሐኪም ይለዋል፣ ፊቱ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ነገር ይለዋል፤ ሙቀት ያለው፣ ሊጥ ሊጥ የሚል ነገር። ይህን ስሜት ያውቀዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እጁን ሲያስነሳው የኖረው ይኸው ነው። አራተኛውን ለማሳየት ልጅቱ ጣቷን ስታነሳ ዝም ብሎ «መርፌ» ቢል ይችል ነበር፤ አምሳ ሰባቱ ቃል ምላሱ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። አልቻለም። እጁ በራሱ ተነሣ።

«ቁሚ» አለ። «ስህተት አለ። ይኼ ሐኪም አይደለም። ይኼ የሚበላ ነገር ነው፣ ከምድጃ የሚወጣ።»

«ዳቦ ነው አባዬ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

አራሚው አንገቱን ደፋ። ልጅቱ የተናገራቸው ቃላት ተራ የወረቀቱ ተራ መሆኑ ገብቷት ወረቀቱን አልጋዋ ላይ ካለው ክምር አንስታ አመጣች፤ ወንድምየው ከኋላ ተነሥቶ መጣ፣ አራት ቦታ የታጠፈበትን መስመር አየ። የተቆጣ አይመስልም ነበር። «በቃልህ አጠናኸው እንዴ?» አለ። «ለምን አባዬ?»

«ጠዋት ሰማሁህ። እኔ ካልዳንኩ ዲግሪዋ ሊቀር ነው።»

ልጅቱ ተቀመጠች። ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ ሞላ፣ እንባዋን ግን አላፈሰሰችም። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ በደንብ መናገር የነበረባትን ነገር ተናገረች። መድኃኒት አይደለም አለች። ከመጀመሪያው ነግሬህ ነበር፣ ግን ሐሙስ ሐሙስ ጺምህን ተላጭተህ ስትጠብቀኝ ደግሜ መናገር አቃተኝ አለች። ሥራው ማሽኗ ስትበላሽ የምትሳሳተው አንተ እንደምትሳሳተው ነው ወይ የሚል ነው፤ የሚፈለገው ስህተትህ ነው፣ እያንዳንዱ ኤክስ ያስፈልገኛል፣ ስልሳውንም ብታገኘው ኖሮ ነበር ዲግሪው የሚቀረው አለች። ወንድሟን እያየችም «አንተም እውነትህን ነው። መድኃኒት መስሎት እንዲኖር መተው አልነበረብኝም» አለች።

አራሚው አፈረ፣ ከማፈሩም በላይ አዘነ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙስን ሲጠብቅ የኖረው፣ አንድ ሐሙስ ድንገት ጋዜጣ አንስቶ ሊያነብ ነበር።

«ታዲያ እኔ አይሻለኝም ማለት ነው?» አለ።

«አላውቅም አባዬ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብዙ ለውጥ አይመጣም ነው ሐኪሞቹ የሚሉት።»

«ማሽኗስ? እሷ አትድንም?»

«እሷማ… ከመበላሸቷ በፊት የነበረው ቅጂዋ ተቀምጧል። አንድ ቁልፍ ብነካ ትመለሳለች።»

«ታድላ» አለ አራሚው። ወንድምየው ፊቱን አዞረ። አባትየው ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። «የዛሬው ተበላሸብሽ ወይስ እንደገና ይጀመራል?»

«ይጀመራል። ግን አባዬ፣ ከደከመህ ይቅር። የምሬን ነው። ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ።»

«ምን ሌላ መንገድ አለ? እንደኔ የሚሳሳት ሌላ ሰው ከየት ታመጫለሽ?» አለ። ወደ ትልቁ ልጁ ዞሮም፣ «አንተ ቆመህ ከምታየን ሻይ ጣድ፤ እቤትህ የምትወስደኝን ነገር ደግሞ ከዚህ በኋላ እኔን ጠይቀኝ፣ ወጥ ቤት ውስጥ አታንሾካሹክ» አለው። ልጁ ወደ ወጥ ቤት ገባ፤ ቧንቧው ሲከፈት፣ ማንቆርቆሪያው ሲጣድ ተሰማ።

«በይ ከመጀመሪያው አምጪው» አላት ትንሿን። «ልሳሳትልሽ።»

ልጅቱ ቁልፉን ተጫነች። ነጩ ላይ «ዝናብ» የሚለው ተመልሶ ወጣ። አራሚው ምላሱ ላይ የተሰለፉትን አምሳ ሰባት ቃላት ወደ ጎን ብሎ፣ ጊዜ ወስዶ አየው።

«ጃንጥላ» አለ።

ልጅቱ ጻፈች።